ዓሣን ማኖርም በብልሃት ነው

ለአኳሪየም የውኃ ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ሊሠራ የሚገባው ሂሳብ

“ዓሣ መብላት በብልሃት” የሚባለው እሾሁን እየለቀመ ለሚበላ ሰው ነው። ዓሣን በመስታወት ሣጥን ውስጥ በሕይወት ለማቆየት ገንዘቡን ላወጣ ሰው ግን አባባሉ የበለጠ ይሠራል። በአዲስ አበባ በሆቴል መግቢያ፣ በምግብ ቤትና በመኖሪያ ቤት ሳሎን አኳሪየም ማየት ብርቅ አይደለም። ዓሣዎቹ በገቡ በሳምንት በሁለት ሳምንት ሲሞቱ ማየትም እንዲሁ ብርቅ አይደለም። ባለቤቱ ጥፋቱን በቧንቧው ውኃ ላይ ያላክካል። ቀጥሎ ከሻጭ ወይም ከደላላ የሚሰማው ምክር “ባለ አምስት ደረጃ ማጣሪያ ግዛ” የሚል ነው።

ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም ገዢው የውኃውን ይዘትና የዓሣውን ፍላጎት ሳያውቅ መሣሪያውን ከገዛ፣ ላልነበረበት ችግር መፍትሔ ገዝቶ የነበረበትን ችግር እዚያው ሊተወው ይችላል። ከዚህም አልፎ በትክክል ያልተያዘ እጅግ ንጹሕ ውኃ ራሱ ዓሣውን ይገድላል።

ሁለት ማጣሪያ፣ ሁለት ሥራ

በገበያው ላይ “ማጣሪያ” የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ይጠራል። አንደኛው ውኃው ወደ አኳሪየሙ ከመግባቱ በፊት የሚያጣራው ነው። ሁለተኛው በአኳሪየሙ ውስጥ ወይም ጎን ተቀምጦ ያንኑ ውኃ ሌት ተቀን የሚያዘዋውረው ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም።

ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በውስጠኛው ማጣሪያ ስፖንጅና ጠጠር ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ አኳሪየም ውስጥ በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ስለዚህ አኳሪየሙ ዛሬ ተገጥሞ ነገ ሃያ ዓሣ ቢገባበት፣ የገባው ውኃ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን ዓሣዎቹ በራሳቸው አሞኒያ ይመረዛሉ። ይህን ኪሳራ ከውጭ የሚገጠም የውኃ ማጣሪያ አያድነውም። መድኃኒቱ ዓሣውን በጥቂት በጥቂቱ ማስገባትና መታገሥ ነው። በገንዘብ ሲታይ ምንም ወጪ የለውም።

የቧንቧው ውኃ ምን ይዟል?

የአዲስ አበባ ውኃ ከአንድ ምንጭ አይመጣም። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ የገጸ ምድር ውኃ የሚጠራቀምባቸው ግድቦች ናቸው። ከአቃቂ አካባቢ የሚመጣው ግን ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ ነው። የጉድጓድ ውኃ በዐለት ውስጥ ረዥም ጊዜ ስለሚቆይ በአጠቃላይ ከዝናብ ከተጠራቀመው ውኃ የበለጠ ማዕድን ይሟሟበታል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ በብዙ ቦታ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። በመሆኑም በአንድ ሰፈር የሠራ ምክር በሌላው ሰፈር ላይሠራ ይችላል።

ምንጩ የትም ይሁን የት፣ ከተማ ውስጥ የሚሠራጨው ውኃ ጀርም እንዳያፈራ ክሎሪን ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚቀርብ ውኃ ደጃፍ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርለት ይመክራል። ለሰው ጤና የሚበጀው ይህ መጠን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውኃ በየሳምንቱ ሲቀየር ዓሣዎች ወደ ላይ እየወጡ የሚያለከልኩ ከሆነ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ክሎሪን ነው።

የክሎሪን መፍትሔው ግን ርካሽ ነው። ውኃውን በሰፊ ባልዲ ቀድቶ፣ አየር በሚነፋ ፓምፕ እያናወጡ ለ24 ሰዓት ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣዋል። ለሚቸኩል ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባለው ጨው አለ። በተለምዶ ለ1 ሚሊ ግራም ክሎሪን 7 ሚሊ ግራም ያህል ይጨመራል። በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ላለበት 50 ሊትር ውኃ የሚያስፈልገው 175 ሚሊ ግራም ነው፤ ይኸውም የአንድ ግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በክሎሪን ብቻ የተቸገረ ሰው ለዚህ ሲል ትልቅ መሣሪያ መግዛቱ ዝንብ ለመግደል መድፍ እንደ መተኮስ ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጣ ምክር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቧንቧው የሚያዘው ክሎራሚንን ነው። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት ስለሆነ በባልዲ ማሳደር አያስወጣውም። እዚያ የሚኖር ዘመድ “ማሳደር አይረባም፣ ማሽኑን ግዛ” ቢል ለራሱ ቧንቧ እውነቱን ነው። ምክሩ ለሌላ ከተማ ይሠራ እንደሆነ ግን ያንኑ ከተማ ውኃ አስመርምሮ ማወቅ ይገባል።

መሣሪያዎቹ ምን ይሠራሉ?

የሸክላ ሻማ ያለው የቤት ማጣሪያ ጭቃና ጀርም ይይዛል። የተሟሟ ማዕድን አያስቀርም። የአልትራ ቫዮሌት መብራት ጀርም ይገድላል፤ ክሎሪንም ሆነ ማዕድን አይነካም። የካርቦን ማጣሪያ ክሎሪንን፣ ሽታንና ቀለምን ይይዛል፤ አቅሙ ሲያልቅ ግን መልኩ ሳይለወጥ ሥራውን ያቆማል። ውኃ ማለስለሻ የሚባለው ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። ለቦይለርና ለልብስ ማጠቢያ ቢበጅም ለስላሳ ውኃ ለሚወድ ዓሣ አይሆንም።

የተሟሟውን ማዕድን በእርግጥ የሚቀንሰው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ዘዴ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሎብና ሱሪራጃን የተባሉ ተመራማሪዎች ለሥራ የሚበቃውን ስስ ሽፋን ሠሩ። ዓላማቸው የባሕር ውኃን ለመጠጥ ማብቃት ነበር። ዛሬ በቤት ውስጥ የሚገጠመው መሣሪያ የዚያው ልጅ ነው። ውኃው በመጀመሪያ ደለል በሚይዝ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ በካርቦን ያልፋል፤ ከዚያም በግፊት ሜምብሬን በሚባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ይገፋል። ከተሟሟው ጨው ከ95 እስከ 98 በመቶ የሚሆነው ይቀራል። ካርቦኑ የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብዛኛውን ሜምብሬን ክሎሪን ያበላሸዋል። ካርቦኑን በጊዜው ያልቀየረ ሰው በጣም ውዱን ክፍል ያጣል።

ዓሣው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ኒዮን ቴትራና ዲስከስ የአማዞን ወንዝ ተፋሰስ ዓሣዎች ናቸው። ማዕድኑ አነስተኛ የሆነ ለስላሳ ውኃ ይስማማቸዋል። ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የሚመጡት ሲክሊዶች ደግሞ በተቃራኒው ማዕድን የበዛበትን ጠንካራ ውኃ ይሻሉ። ጉፒና ወርቃማው ዓሣም ወደ ጠንካራው ያደላሉ። የባሕር ዓሣና ኮራል የሚያኖር ሰው ከሜምብሬኑ በኋላ የቀረውን ጨው የሚለቅም ዲአይ ሬዚን ያለው መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ውኃ ላይ በሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይበጠብጣል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የቧንቧው ውኃ ጠንካራ ከሆነና ሰውየው ሲክሊድ ወይም ጉፒ ከመረጠ ሪቨርስ ኦስሞሲስ አያስፈልገውም። እንዲያውም ገንዘብ ከፍሎ ዓሣው የሚፈልገውን ማዕድን ያስወግዳል። ውኃን ለዓሣው ከመለወጥ ይልቅ ለውኃው የሚስማማ ዓሣ መግዛት ከሁሉ የረከሰው መንገድ ነው።

ሌላም ስህተት አለ። ከሜምብሬን የወጣውን ውኃ እንዳለ በአኳሪየም መሙላት አደገኛ ነው። ውኃው አሲድነቱ በድንገት እንዳይለወጥ የሚይዘው ካርቦኔት አልቀረበትም። በአኳሪየሙ ውስጥ የሚፈጠረው አሲድ ፒኤቹን በአጭር ጊዜ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ወይ ከቧንቧ ውኃ ጋር ይደባለቃል፣ ወይ ለአኳሪየም የተዘጋጀ ማዕድን ይመለስበታል።

በመለያው ላይ ያለው ቁጥርና ቤት ውስጥ የሚገኘው

የመሣሪያው ካርቶን ላይ “75 ጂፒዲ” ተብሎ ይጻፋል። በቀን 75 የአሜሪካ ጋሎን ማለት ሲሆን 284 ሊትር ያህል ነው። ቁጥሩ የተለካው ግን በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀትና እንደ ሜምብሬኑ ዓይነት በ50 ፒኤስአይ ወይም ከዚያ ከፍ ባለ ግፊት ነው። 50 ፒኤስአይ 3.45 ባር ያህል ነው።

የአዲስ አበባ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ ምርቱ በ3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ውኃው 16 ዲግሪ ቢሆን 27 በመቶ ይቀንሳል። ከጣሪያ ሮቶ የሚወርደው ወይም የቧንቧው ግፊት 2 ባር ቢሆን ደግሞ ምርቱ ወደ 58 በመቶ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ሲባዙ 284 ሊትር የተባለው መሣሪያ በቀን 120 ሊትር፣ በሰዓት 5 ሊትር ብቻ ይሰጣል። ከአንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ግን 2 ባርም አይሰጥም፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ግድ ይሆናል። ፓምፑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በ110 ቮልት የሚሠራ መሆን አለመሆኑ ይታይ። በ220 ቮልት ሶኬት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ያኔውኑ ይቃጠላል።

ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። 50 ሊትር ለማጣራት 10 ሰዓት የሚፈጅ መሣሪያ፣ ውኃው በመጣበት ቀን ተሠርቶ በክዳን ዕቃ ካልተጠራቀመ በተፈለገበት ቀን ባዶ እጁን ይገኛል።

የወጪው ሂሳብ

ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም 200 ሊትር ይይዛል። በሳምንት ሩቡ ቢቀየር 50 ሊትር ነው። የተለመደው መሣሪያ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ለማውጣት 3 ሊትር ያህል ወደ ፍሳሽ ይለቃል፤ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይለቃል። ስለዚህ 50 ሊትር ለማግኘት 200 ሊትር በቆጣሪው ያልፋል። በዓመት 10,400 ሊትር ወይም 10.4 ሜትር ኩብ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 7.8ቱ ፍሳሽ ነው። የውኃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል በመሆኑ ይህ ጭማሪ የሚቆጠረው ከላይኛው እርከን ነው።

አሁን ባለቤቱ ውኃውን ለካ እንበል። የቧንቧው የተሟሟ ጨው በሊትር 200 ሚሊ ግራም ነው፤ ዓሣው የሚፈልገው 100 ገደማ ነው። ሜምብሬኑ 97 በመቶ ካስቀረ የሚወጣው ውኃ 6 ሚሊ ግራም ይኖረዋል። ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅ 103 ይሆናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 25 ሊትር የተጣራ ብቻ ነው። በሳምንት በቆጣሪው የሚያልፈው ጠቅላላ ውኃ ከ200 ወደ 125 ሊትር ይወርዳል። ሜምብሬኑም በግማሽ ያህል ብቻ ይሠራል። የአንድ መለኪያ ዋጋ ይህን ያህል ያድናል።

የመለዋወጫ ወጪም አለ። ለስሌት እንዲመች እንጂ የገበያ ዋጋ ባይሆንም፣ መሣሪያው 12,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት ያገለግላል ቢባል በዓመት 2,400 ብር ይደርሳል። የደለልና የካርቦን ማጣሪያ በየስድስት ወሩ በ1,500 ብር ቢቀየር በዓመት 3,000 ብር ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር ሜምብሬን 4,000 ብር ቢያወጣ በዓመት 2,000 ብር ይታሰባል። ድምሩ 7,400 ብር ሲሆን የመሣሪያው የራሱ ድርሻ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በሳምንት 25 ሊትር፣ በዓመት 1,300 ሊትር ለሚጠቀም ሰው የአንዱ ሊትር ዋጋ 5 ብር ከ69 ሳንቲም ይሆናል። 50 ሊትር ለሚጠቀም ግን ወደ 2 ብር ከ85 ሳንቲም ይወርዳል። ብዙ አኳሪየም ያለው ሆቴል ወይም ዓሣ ሻጭ ከመሣሪያው የሚጠቀመው ለዚህ ነው። አንድ ትንሽ አኳሪየም ላለው ቤት ያው መሣሪያ ውድ ጌጥ ነው።

በሽያጭ ወቅት የሚታይ ማሳያ

አንዳንድ ሻጮች ሁለት ብርጭቆ ውኃ አስቀምጠው የኤሌክትሪክ ዘንጎች ይነክሩባቸዋል። የቧንቧው ውኃ ወዲያው ቡናማ ሆኖ ይደፈርሳል፤ ከመሣሪያው የወጣው እንደጠራ ይቀራል። ደንበኛው ይደነግጣል፤ ኪሱንም ይፈታል። የተደበቀ ቆሻሻ ግን አልወጣም። ማዕድን ያለበት ውኃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የብረቱ ዘንግ ራሱ እየሟሟ ዝገት ይፈጥራል። ማዕድን የሌለው ውኃ ስለማያስተላልፍ ዘንጉ አይነካም። ጤናማ የምንጭ ውኃም በዚህ ፈተና ይወድቃል።

ቲዲኤስ ሜትር የሚባለው መለኪያ ግን እውነተኛ ጥቅም አለው። ከመሣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር አነጻጽሮ ሜምብሬኑ እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ይሁንና መለኪያው ክሎሪንንም ሆነ አሞኒያን ለይቶ አያሳይም። ለእነሱ የየራሳቸው መመርመሪያ ወረቀት ወይም ጠብታ ያስፈልጋል።

ከመግዛት በፊት ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ የማጣሪያዎቹ ልክ በየትኛውም ሱቅ የሚገኘው 10 ኢንች ነው ወይስ የአንድ ፋብሪካ ብቻ? ሁለተኛ፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ አለ ወይስ በትዕዛዝ ይመጣል? ሦስተኛ፣ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስንት ሊትር ይፈሳል? መሣሪያውን በርካሽ ሸጦ መለዋወጫውን በውድ የሚያስከፍል ነጋዴ የሚታወቀው በመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

አጠቃቀም

አዲስ ሜምብሬን ሲገጠም የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምርት ይደፋል፤ የተጣበቀበት ማቆያ ኬሚካል አለ። መሣሪያው ቆሞ ሲነሳም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውኃ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ይገባል። የተጣራው ውኃ ክሎሪን ስለሌለው በንጹሕና በተከደነ ዕቃ ካልተቀመጠ በቶሎ ይበላሻል። ወደ አኳሪየሙ ሲገባ ሙቀቱ ከነበረው ውኃ ጋር መቀራረብ አለበት። የሐሩር አገር ዓሣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የ16 ዲግሪ ውኃ በባልዲ ቢለቀቅበት ይታመማል።

የሚፈሰው ውኃ መርዝ አይደለም። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ከ200 ወደ 265 ሚሊ ግራም ገደማ ማዕድኑ ከፍ ያለ የቧንቧ ውኃ ነው። ወለል ለመወልወል፣ ለመጸዳጃ ቤትና መኪና ለማጠብ ይሆናል። በጀሪካን የሚያጠራቅም ቤት ከኪሳራው ከፊሉን ያስመልሳል።

የውስጠኛው ማጣሪያ ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ ክሎሪኑ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይፈጃል። ከአኳሪየሙ በወጣ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል።

የከፍታው ነገርም አይዘነጋ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ በእኩል ሙቀት ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በሌላ አገር መመሪያ ላይ “ለ200 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ” የሚለውን ቁጥር እዚህ መቀነስ ይሻላል። አየር የሚነፋው ትንሽ ፓምፕም ከውዱ ማጣሪያ በፊት ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ደግሞ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ያተርፋል።

በመሆኑም የግዢው ቅደም ተከተል እንዲህ መሆን ይገባዋል። መጀመሪያ መመርመሪያና ቲዲኤስ ሜትር፣ ቀጥሎ የክሎሪን ማጥፊያ፣ የአየር ፓምፕ፣ ማሞቂያና የውስጥ ማጣሪያ፣ ከዚያ ለውኃው የሚስማማ ዓሣ። የተለካው ቁጥር የመረጡት ዓሣ ከሚፈልገው በላይ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይገዛል። ያኔ ገዢው ወደ ሱቅ የሚሄደው በሳምንት ስንት ሊትር እንደሚያስፈልገው አውቆ ነው፤ ሻጩም የሚሸጥለት እሱ ያሰላውን እንጂ ሌላውን አይሆንም።